ጨዋ ሆነች የተባልኩበት ዓመት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ሲታመም ሐኪም የማይሆን የለም። ባጃጅ ነጂው ሐኪም ነው፤ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሐኪም ናት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የተቀጠረው ጎረምሳ ሳይቀር ዓይኔን አይቶ “ቢጫ ሆኗል፣ ወባ ነው” ብሎኛል። እኔ እንግዲህ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያልያዘኝን በሽታ ስታከም ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሚያመው ሰው ነው። ጠያቂዎቼም ቢያነቡት ቅር አይለኝም፤ የአብዛኞቹን ስም ባልጠራም ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሩቅያ እባላለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ፓፓያና ማንጎ እሸጣለሁ። መኪናውን አቁሞ፣ መስኮቱን ግማሽ ብቻ ከፍቶ፣ ፓፓያዬን በጣቱ እየወጋ “ይኼማ አዲስ አበባ ይረክሳል” ለሚል ሰው መልስ አላጣም። “እንግዲያው ተመለስና እዚያው ግዛ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ” እለዋለሁ። ገበያው ውስጥ “ከሩቅያ አፍ ወባ ይሻላል” ይባላል። ድንቄም ወባ!

ሕመሙ የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። እጅና እግሬ ያብጣል፤ አጥንቴን ከውስጥ ይቆፍረኛል። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ፦ በር ጣትህ ላይ ሲዘጋብህ ያለውን ሕመም አስበው፤ ከዚያ በሩን ሦስት ቀን የሚከፍትልህ የለም። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ አዝላኝ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ጣቴን ይወጉና “ወባ የለባትም” ይሏታል። ቀጥለው ደግሞ “ቢሆንም ትውሰድ፣ አገሩ ቆላ ነው” ይላሉ። ቆላ ከኖርክ ወባ ባይኖርብህም ወባ አለብህ። ወባው ሲሰለቻቸው ታይፎይድ ሆነ፣ ታይፎይዱ ሲሰለቻቸው ታይፈስ፣ ከዚያም ሁለቱ ባንድ ላይ። እኔ የዋጥኩት ክኒን ተሰብስቦ ቢዘራ የወረዳችንን የቀወትን ማሳ ይሸፍን ነበር።

ዓይኔ ቢጫ ስለሚሆን “የወፍ በሽታ ነው” ያለው ደግሞ በማጀቴ ከተማ በኩል ያለ መድኃኒተኛ ነበር። ክንዴን በጋለ ብረት ተኮሰኝ። ጠባሳው እስካሁን አለ፤ ቢጫውም አለ። ወደ ሠላሳ ስጠጋ “ሪህ ነው፣ ቀይ ሥጋ እንዳትበዪ” ተባልኩ። በየቀኑ ቀይ ሥጋ የምንበላ መስሏቸው ነው እኮ!

ሰይድን ያገባሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ባጃጅ ይነዳል፤ ትንሽ የሚያወራ፣ ብዙ የሚያይ ሰው ነው። አንድ ጽንስ ሰባተኛ ወሩ ላይ ሞተብን። አማቴ “የጂን ሥራ ነው” አሉና ወዳጃ ተደረገልኝ፤ ሰው ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ዱዓውን አልነቅፍም፤ ዱዓ ማን ይጠላል? የናቅሁት ከመሃል ተነስቶ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ “ጂኑ ስሙን ካልተናገረ አይወጣም” ያለውን ጎረቤታችንን ነው። እኔ ወገቤን ይዤ እጮሃለሁ፣ እሱ ፊቴ ላይ ተደፍቶ “ስምህን ተናገር!” ይለኛል። “ሩቅያ!” አልኩት። እሱም ተናደደ።

እውነተኛውን ስም ያገኘልኝ ሆስፒታላችን የተመደበ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። “ከወንድም ከእህቶችሽ እንዲህ የሚያመው ነበር?” ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አንድ ወንድሜ በአራት ዓመቱ ሞቷል። በምን ሞተ ሲባል “በወባ” ነው የምንለው።  ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ለደም ምርመራ አዲስ አበባ ላከኝ።

ጉዞውን አልረሳውም። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ቅዝቃዜው ገባ፤ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ሁለቱም ጭኖቼ ጀመሩኝ። ሰይድ ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለለልኝ። ረዳቱ “ሊያስመልሳት ነው፣ ፌስታል ስጧት!” እያለ ይጮሃል፤ እሱም ሐኪም ነዋ! ብርድና ከፍታ ይህን በሽታ እንደሚቀሰቅሰው ያኔ ማን ነግሮኝ? ልታከም የሄድኩበት መንገድ ራሱ አሳምሞ አደረሰኝ።

አዲስ አበባ ያየችኝ ሐኪም ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። “ሲክል ሴል ይባላል። ቀዩ የደም ሕዋስ ክብ መሆን ሲገባው እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ይሰነቀርና ደም አላሳልፍ ይላል፤ የሚያምሽ ያ ነው። የሚይዘው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው።” ቀጥላም ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰውን ሰው ወባ እንደልቡ አይጥለውም አለችኝ። ሳቄ መጣ። ዘመዶቼን ከወባ ሲጠብቅ የኖረ ነገር ነው እኔ ላይ ተደርቦ የመጣው፤ የአገሬ ሰው ደግሞ በእሱው ምክንያት የወባ ክኒን ሲያጎርሰኝ ኖረ።

መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ ውኃ አብዝቼ እንድጠጣ፣ ብርድ እንድሸሽ፣ ሕመሙ ሲነሳ ጠንከር ያለ ማስታገሻ እንዲሰጡኝ የሚል ወረቀትም ጨመረችልኝ። ስንወጣ “አደራ፣ ትኩሳትና የደረት ሕመም አብረው ከመጡብሽ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትቆዪ፤ እሱ ይገድላል” አለችኝ።

ስም ያለው በሽታ ይዤ ተመለስኩ፤ አሁንማ ሁሉ ቀለለ ብዬ ነበር። ያ ደግ ወጣት ሐኪም ግን ወደ ሌላ አገር ተቀይሮ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ወር ሕመሙ ሲነሳ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ ወንበር አንድ እግሯ ሰባራ ነው፤ ሦስት ሰው ከተቀመጠባት አራተኛው ቆሞ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር አዛን ጠበቅሁ። ጤና መኮንኑ መጣ። ወረቀቴን ሰጠሁትና የማስታገሻውን ስም ነገርኩት።

“ስሙን በምን አወቅሽ?” አለኝ።

“ስለሚሰጡኝ ነዋ።”

“ለምደሽዋላ!” አለና ወደ ነርሷ ዞሮ “እነዚህን አውቃቸዋለሁ” አላት። “ቅድም ስልክ ስታወሪ አይቼሻለሁ። ያመመው ሰው ስልክ አያወራም።”

የማወራው ከሰይድ ጋር ነበር፤ ውኃ እንዲያመጣልኝ። እኔ ሩቅያ፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ፣ መልስ አጣሁ። ፓራሲታሞል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሱሰኛ ተብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው መንገድ ላይ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ አንድ ነገር ወሰንኩ። የደረቱና የትኩሳቱ ነገር ከመጣ ለማንም አልናገርም። ዝም ብዬ እተኛለሁ፤ ከዚያ ያበቃል። ስወስነው አላለቀስኩም፣ እንዲያውም ቀለል አለኝ። ከሁሉ የሚያስፈራው ያ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ጨዋ የሆንኩበት ዓመት ነው።

ምግብ አይጣፍጠኝም። ሌሊቱን ጣሪያ አያለሁ። ጠዋት ፓፓያዬን እደረድራለሁ፤ ሰው በፈለገው ዋጋ ይወስዳል። “ውድ ነው” ሲሉኝ “እሺ፣ ቀንሳችሁ ውሰዱት” እላለሁ። ጎረቤት ሲነካካኝ አልመልስም፤ አማቴ ራሳቸው “ለሰይድ ሁለተኛ ሚስት ቢፈለግለትስ” ሲሉ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ “እርስዎ ያሉት ይሁን” አልኳቸው። ይህን ስል የምሬን ነበር፤ ምን ግድ አለኝ?

ታዲያ የሰፈራችን ሰው ምን አለ? ተደሰተ! “ማሻአላህ፣ ሩቅያ ሶብር፣ ትዕግሥት አገኘች” አለ። ጠያቂዎቼ በጀማ እየመጡ፣ ብርቱካናቸውን አስቀምጠው፣ “የባሰ አለ፣ አገርሽን አትልቀቂ” ብለውኝ፣ ሲወጡ በር ላይ “ሕመም ጨዋ አደረጋት” ይባባላሉ፤ እሰማቸዋለሁ። የጠያቂዎቹ አለቃ እትዬ ዘይነብ ደግሞ የገዛ ልጃቸውን ይዘውብኝ መጡ። “እንዲህ ነው መታመም! አንቺ ራስሽን ሲያምሽ ቤቱን ታናውጪያለሽ፤ ሩቅያን እያት” አሏት። ልጅቱ አየችኝ። እኔ ፈገግ አልኩላት። በኑሮዬ እንደዚያ ዓመት ተመስግኜ አላውቅም፤ ልሞት ተሰናድቼ ስቀመጥ አረአያ አደረጉኝ። ጉድ እኮ ነው!

“እንዴት ነሽ?” ሲሉኝ “አልሐምዱሊላህ” ነው መልሴ። እኛ አገር ሌላ መልስ የለም። ጣርህ ላይ ብትሆን አልሐምዱሊላህ ነው። ቃሉ ምን ጥፋት አለበት? ጥፋቱ ከኋላው መደበቄ ነው፤ ጠያቂዎቼም ቃሉን እንደሰሙ ተገላገልን ብለው ወደ ብርቱካን ዋጋ ወሬያቸው ይመለሳሉ።

በየሦስት ወሩ ክኒን ለመውሰድ ሆስፒታል እሄዳለሁ። በዚያ ሰሞን የማያቋርጥ ሕክምና ያለበት ሁሉ የአእምሮ ጤና ነርሷን እንዲያይ ተባለ። ክፍሏ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰው “እብዶቹ ክፍል” ስለሚለው ሴቱ ሻርፑን አፉ ድረስ ስቦ ነው የሚገባው። ነርሷ ሲስተር ሰላማዊት ትባላለች፤ ከጎጃም የተመደበች፣ ሙቀቱ ያልለመዳት፣ ሁልጊዜ በካርቶን ቁራጭ ራሷን የምታራግብ። በመጀመሪያው ቀን ከወረቀት እያነበበች ጠየቀችኝ። እንቅልፍ? አልሐምዱሊላህ። ምግብ? አልሐምዱሊላህ። መኖር ያስጠላሽ ጊዜ አለ? አልሐምዱሊላህ! እንደዚያ ብዬ ለእንደዚያ ዓይነት ጥያቄ መመለሴን አሁን ሳስበው ራሴን ልመታው ይቃጣኛል። እሷም “ደህና ናት” ብላ ጻፈች፤ ያኔ እሷንም ከሌሎቹ ጋር ናቅኋት።

በሚቀጥለው ሦስት ወር ስገባ ወረቀቱን አላነሳችም። ወንበሯን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች።

“አምና ከአንቺ ፓፓያ ገዝቻለሁ” አለችኝ። “ትዝ ይልሻል?”

“አይለኝም።”

“ልምረጥ ብዬ ሁለት ሦስቱን ስነካ ‘ልታጪው ነው ልትበይው?’ ብለሽ ሰው አሳቅሽብኝ። አልቅሼ ልሄድ ምንም አልቀረኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጣሁ። ሁሉንም ነካሁ፤ አውቄ ነው። አንዲት ቃል አልተናገርሽም። ይባስ ብለሽ አንድ ጨምረሽ ሰጠሽኝ። ምን ሆነሽ ነው?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና…”

“ቆይ” አለችኝ። “እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም የታመመ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም ደህና ነው። አመስግኚ፤ ማመስገን ጥሩ ነው፤ እኛም ‘እግዚአብሔር ይመስገን’ እያልን እንደበቃለን። ስትጨርሺ ግን ንገሪኝ። እጠብቅሻለሁ።”

ካርቶኗን አስቀምጣ እውነትም ጠበቀች። ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው በሩን ደበደበ፤ አልተነሳችም። እኔን ከዚያ በፊት እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም። ሌላውን ሁሉ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ነገርኳት፤ ስለ አግዳሚ ወንበሩ፣ ስለ “ለምደሽዋላ”፣ ስለ ጽንሱ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ ውሳኔዬ። ስነግራት አላማተበችም፣ “ሐራም ነው” ወይም “ኃጢአት ነው” አላለችኝም። እኔ ግን ያንን ነበር የምጠብቀው፤ ተዘጋጅቼላት ነበር።

“ይህ ጨዋነት አይደለም፤ ድባቴ ይባላል” አለችኝ። “ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያመው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አልታመምሽም ሲባል፣ ይመጣል። ይታከማል።”

ክኒን አስጀመረችኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ እናወራለን። ወደ ኃላፊ ሐኪሙም ገባችና የማስታገሻው ነገር በካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመታበት። ጤና መኮንናችን የሰው ቃል አያምንም፤ ማኅተም ግን ያምናል። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አልኳት። “ከቤትሽ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ እኔ ቅዳሜና እሁድ የለሁም” ስትለኝ፣ ለሰይድ መንገር አቃተኝ። ባሌ ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ ሙቀት ሲንከራተት የሚውለው ለእኔ መድኃኒት ነው። “ልተውህ ወስኜ ነበር” ተብሎ እንዴት ይነገራል?

መዳን በአንድ ቀን አይመጣም፤ የሚመጣ እየመሰላችሁ ክኒኑን እንዳታቆሙ። እኔ አንድ ጊዜ አቁሜ ወደ ነበርኩበት ተመልሻለሁ። ወራት ከፈጀ በኋላ አንድ ቀን እንጀራ ጣፈጠኝ። ሌላ ቀን አንዷ ከመኪናዋ ሳትወርድ “ፓፓያውን ወደዚህ አምጭው እስቲ፣ ላሽትተው” አለችኝ። “አፍንጫሽን ላኪው፣ እሱ ይምጣ” አልኳት። ከአጠገቤ ያሉት ነጋዴዎች በሳቅ ወደቁ። አማቴ ሲሰሙ “ወይኔ፣ ደግሞ ተነሳባት” ብለው ዱዓ ሊያስደርጉልኝ ፈለጉ። ስለ ሁለተኛ ሚስት ዳግም ሲያነሱም “ያግባ፤ ምጣዱንም ባጃጁንም ለሷ እሰጣታለሁ፣ እርስዎንም ጭምር” አልኳቸው። ሳምንት አኮረፉኝ።

ከዚያ የፈራሁት ቀን መጣ። ጁምዓ ነበር፣ እኩለ ቀን፤ ትኩሳት ጀመረኝ፣ ቀጥሎ ደረቴን ወጋኝ። ትንፋሼ ከግማሽ አያልፍም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልኬ እጄ ላይ ሆኖ አልደወልኩም። ያ የድሮ ውሳኔ ክኒን ስለዋጥኩ ብቻ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም፤ “ተኚ” ይለኛል። ተኛሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ሰይድ ከሶላት ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

“ሩቅያ፣ እንዴት ነሽ?”

አፌ የለመደውን ሊል ተከፈተ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። መሞት አልፈለግሁም፤ ያቺን ቅጽበት ነው ያወቅሁት፤ ፈጽሞ አልፈለግሁም። ፈራሁም፣ ተናደድኩም።

“ደረቴ” አልኩት። “ምን ትገተራለህ፣ ባጃጁን አስነሳ እንጂ!”

ያ ድንጋይ የሞላበት መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። ድንገተኛ ክፍል ያ ጤና መኮንን ተረኛ ነበር። “እስቲ ትንሽ ትቆይ” ሊል ሲጀምር ሰይድ፣ ያ የማያወራው ሰይድ፣ ካርዴን ደረቱ ላይ ለጠፈለት። ኦክስጅን ገጠሙልኝ፣ ደም ሰጡኝ፣ መርፌውንም ያለ ክርክር ሰጡኝ። ሦስት ቀን ክፉኛ ታምሜ በአራተኛው ተሻለኝ። ጤና መኮንኑ አንድም ቀን ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም፤ ይኸው ተፋጠን እንኖራለን።

በአራተኛው ቀን ሰይድ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የፓፓያ ቁራጭ በማንኪያ ሲሰጠኝ ነገርኩት። አላሳመርኩትም። “አምና ሆን ብዬ ልሞት ወስኜ ነበር። ይህ ሕመም ቢመጣ ላልነግርህ። አሁንም ስትመጣ ልደብቅህ ምንም አልቀረኝ” አልኩት።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። “አስተግፊሩላህ” ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ያጎነብሳል፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል ብዬም ጠበቅሁ።

“አውቄ ነበር” አለ። “ምን እንደሆነ አላወቅሁም እንጂ፣ የሆነ ነገር እንዳለ አውቄ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ባጃጁን ከመደብሽ ማዶ እያቆምኩ አይሽ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።”

አንድ ዓመት ሙሉ እኔ እንዳይሰማ ስደብቅ፣ እሱ እንዳይሰማ ሲሸሽ! ሰፈሩን ሁሉ እየናቅሁ ከኖርኩ በኋላ ከሁሉ የባሱት ጅሎች እኛው ቤት ውስጥ ነበሩ። ሰይድ እጄን ያዘና፣

“አሁንስ? አሁንም ትፈልጊያለሽ?” አለኝ።

“አሁን አልፈልግም” አልኩት። “ነገ ግን ምን እንደምል አላውቅም።”

“ነገም እጠይቅሻለሁ” አለ።

ይኸው እየጠየቀኝ ነው። በየቀኑ፣ ባጃጁን ከማስነሳቱ በፊት፣ ዓይኔን እያየ። አንዳንድ ቀን “አልፈልግም፣ ሂድ ወደ ሥራህ!” ብዬ እጮህበታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቶሎ አልመልስለትም፤ ያን ጊዜ ቁልፉን ኪሱ ይከትና ተመልሶ ይቀመጣል።